ከዜማው በፊት ያለች ሳል

የአባቴ ተማሪ የነበረው መላኩ ደውሎ «ወንድማለም፣ ተማሪዎቼን መጥተህ እይልኝ እንጂ» አለኝ። ቁንዝላ አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ጾመ ድጓ ማስተማር ከጀመረ ሰንብቷል። ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ጀልባ ተሳፈርሁ። የጥቅምት ነፋስ ያንቀጠቅጣል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በፌስታል የያዙት የተጠበሰ ዓሣ እየሸተተኝ፣ ወጣት ሳለሁ በዚሁ ውኃ ላይ አንዲት ሣጥን ታቅፌ የሄድሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

አባቴ እዚያው የዜማ መምህር ነበሩ። ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጣና ሐኪሙ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው፣ ድምፃቸው ግን ላይመለስ እንደሚችል ነገራቸው። እኔ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ እማር ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ትምህርታቸውን ሁሉ በስልኬ ቀዳሁ። የተፈራው አልቀረም፤ ሹክሹክታ ብቻ ቀራቸው። ዜማ ደግሞ በሹክሹክታ አይሰጥም። ተማሪዎቻቸው እየተሰናበቱ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሄዱ። የቀረው መላኩ ብቻ ነበር፤ እሱም ትምህርቱ ከመንገድ ቆሞበት ጓዙን እያሰናዳ ነበር። አባቴ ሂድም ቅርም አላሉትም። ባዶ ጎጆ ግን እንደሚጎዳቸው አውቅ ነበር።

ስልክ እንዳልሰጣቸው ዓይናቸው ደክሟል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ያሏት ሣጥን ሠራሁ፤ አንዱ «ድገም»፣ ሌላው «ቀጥል»። ውስጧ ትእዛዝ የምትሰጥ ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ሰሌዳና የተቀዳውን የሚያሰማ ማጫወቻ አሉ። በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይነጋገራሉ፤ በአንዱ ትነግረዋለች፣ በሌላው ይመልስላታል። በየትምህርቱ መጀመሪያ የአባቴ ሳል ተቀድታለች። ልቆርጣት አስቤ ጊዜ አጣሁ። ባሕር ዳር፣ ክፍሌ ውስጥ ከላፕቶፔ ጋር አያይዤ ስሞክራት ሣጥኗ እንከን አልነበራትም።

ጎጆው ውስጥ በባትሪ ሳበራት ግን ጭጭ። መብራቷ ይበራል፣ ድምፅ የለም። ሽቦዎቹን አቀያየርሁ፤ መልሼም አቀያየርሁ። የሚነጋገሩበትን ፍጥነት አየሁ፤ እኩል ነው። ባትሪ ለወጥሁ። የሐይቁ እርጥበት ይሆናል ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት፤ ምን ያላደረግሁት አለ! የሚያናድደው ደግሞ፣ ላፕቶፔን ሰክቼ ፕሮግራሙን እንደገና ስጭንባት ትናገራለች፤ አጥፍቼ ሳበራት ጭጭ ትላለች። በካህን ጎጆ የማይነገር ነገር ሁሉ ከአፌ ወጣ። መላኩ በከንቱ እንዳልደክም መከረኝ።

ከምሳ በኋላ፣ መላኩ ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ ትምህርቱን አሰምቶ ሊመረቅ አባቴ ፊት ተቀመጠ። አልጀመረም፤ ጠበቀ። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እህ፣ እህም» አሉ። ያን ጊዜ ጀመረ። በልጅነቴ እኔም እዚያው ተቀምጬ ተምሬያለሁ፤ ከሳላቸው በፊት የጀመረ እንዳልጀመረ ነው። አይቆጡም፤ አይሰሙትም፣ በቃ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰሌዳዋ ገና እንደበራች ትእዛዟን ትልካለች፤ ማጫወቻው ደግሞ ከእሷ ጋር ገና ተነሥቶ ቅጂዎቹን እየፈተሸ ስለሆነ አይሰማትም። መልስ ካጣሽ አቁሚ ብዬ የጻፍሁላት እኔው ነኝ። ፕሮግራም ስጭን የምትናገረው ማጫወቻው ቀድሞ ስለነቃ ነው። እሱ ሲዘጋጅ ደርሻለሁ ብሎ ምልክት ይልካል፤ ያን ምልክት የሚጠብቅለት አልነበረም። ያ ምልክት እስኪመጣ ምንም እንዳትልክ አድርጌ ፕሮግራሙን አስተካከልሁ።

አበራኋት። ዝም። ከዚያ ያቺ ሳል መጣች፣ ቀጥሎም የአባቴ ደህና ድምፅ ጎጆውን ሞላው። መላኩ አንገቱን ደፋ። አባቴ እጃቸው ወደ ጉሮሯቸው ሄደ፤ እኔ ማየት አልቻልሁም። ሲያበቃ በጣታቸው ዳብሰው «ድገም»ን ተጫኑና ወደ መላኩ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሹክ አሉት።

«ምን አሉህ?» አልሁት።

«ጓዝህን ፍታ አሉኝ» አለና ፈታ።

በዚያች ሣጥን ተምሮ ጨረሰ። ሲሳሳት አባቴ በእጃቸው እያስቆሙት፣ ሲያቀና «ቀጥል»ን እየተጫኑ አስተማሩት፤ መምህር ሆኖ አይተውት ነው ያረፉት።

የቅዳሜው ጀልባ ቁንዝላ ሲደርስ ወደ ጉባኤ ቤቱ አዘገምሁ። ተማሪዎቹ መላኩ ፊት ተቀምጠዋል። ድንገት ሁሉም አንድ ላይ «እህ፣ እህም» አሉና ዜማውን አነሡ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ቀጣዩንም እንደዚያው ጀመሩ፤ ያቺው ሳል፣ በዚያው ልኳ። እንባዬ መጣ። ሲያርፉ መላኩን ጠጋ ብዬ፣ ይህቺ እኮ ሳል ናት፣ ዜማው ውስጥ የለችም፣ እኔም ልቆርጣት ነበር አልሁት።

«የኔታ ሲሰጡኝ አብራ ነበረች» አለኝ። «እኔ ማን ነኝና አስቀራለሁ?»

በሠራሁት ነገር ብዙ ጊዜ ኮርቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን የኮራሁት ጊዜ አጥቼ በተውሁት ነው። አጥሩ ሥር ቆሜ ማድመጤን ቀጠልሁ። አንዱ ተማሪ ቸኩሎ ሳይስል ጀመረ፤ መላኩ እንዳልሰማ ሆነ።