አዴ ሀሊማ ሲያስተኙት የሚተኛው ልጄ

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ዘርዝሬ ተናግሬው አላውቅም፤ ግን ልጄን ባስተኛሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ልጅ ደግሞ በየቀኑ ይተኛል፤ ስለዚህ በየቀኑ ይመጣብኛል።

የምኖረው ጭሮ ነው። ሥራዬ ጫት ነው። ረፋዱ ላይ ከቤት ወጥቼ ከገለምሶ በኩል የሚመጣውን እቀበላለሁ፣ እለያለሁ፣ እንደገና አስሬ ለቸርቻሪ እሰጣለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ልጃችን ሙአዝ ያኔ ገና አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነበር።

ሙአዝን የሚይዙልኝ ከቦኬ የመጡ ሴት ነበሩ። አዴ ሀሊማ እንላቸዋለን፤ አዴ በእኛ አገር ለእናት የሚባል ነው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አማርኛ የማያበዙ ሴት ናቸው። ቀን ልጄን የሚያስተኙት ሁሌም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ዙህር ሰግደው እንደጨረሱ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ያጥቡታል፣ መጋረጃውን ይጋርዳሉ፣ "ኡሩሩ፣ ኡሩሩ" እያሉ በኦሮምኛ ያንጎራጉሩለታል። ዜማው ሳያልቅ ልጁ እልም ይላል።

ለእኔ ግን ምን ሲደረግ! ማታ ከሥራ ገብቼ እቅፍ አድርጌ ጡቴን ስሰጠው ዓይኑን ያፈጣል። ይስቃል፣ ይዘላል፣ ከዚያ ያለቅሳል። እኔ ደክሞኝ ስወድቅ እሱ ገና መጫወቱ ነው። ጠዋት ሁለታችንም ዓይናችን ቀልቶ እንነሳለን።

አንድ ቀን አዴ ሀሊማ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ከሥራ ስትመጪ ጡት አትስጪው። እራት ይብላ፣ እግሩን እናጥበው፣ እንደ ቀኑ ይተኛ" አሉኝ። እኔ ግን የገባኝ ልጄን ከጡቴ ሊነጥሉት እንደፈለጉ ነው። ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው እንደሚሮጥ አይቻለሁና አንጀቴ ቆስሎ ነበር። "የእርስዎ ሥራ ቀን ነው፤ የማታውን ለእኔ ይተዉልኝ" አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። እንዴት ነው ለእሳቸው እልም ብሎ የሚተኛው፣ ለእኔ የማይተኛው? አንድ ጠዋት ከፍራሻቸው ሥር ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ፤ ውስጡ ጠቆር ያለ ዘይት አለ። ይኸው፣ ያዝኳት አልኩ።

"ልጄን ምን እያጠጣሽ ነው የምታስተኚው?" አልኳቸው። ልብ በሉ፣ እናቴ የሚሆኑትን ሴት አንቺ አልኩ።

"ጥቁር አዝሙድ ነው። ለጉልበት ነው" አሉና መዳፋቸው ላይ አፍስሰው እዚያው ፊቴ ጉልበታቸውን አሹት። "ወላሂ፣ ልጄ፣ አፉ ላይ አላስነካሁም።"

አላመንኩም። ማመን አልፈለግኩም ብል ይሻላል። "ከቤቴ ውጪልኝ" አልኳቸው። ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ሊወጡ ሲሉ ሙአዝ ቀሚሳቸውን ጨምድዶ አለቀሰ፤ ጎትቼ አላቀቅኩት። ይህ አልበቃ ብሎኝ ለሦስት ጎረቤቶቼ አወራሁ። "ልጄን በመድኃኒት ስታደነዝዝብኝ ይዣት አባረርኳት" አልኩ። ሦስቱም ትንንሽ ልጆች አሏቸው፤ "ኧረ በአላህ!" እያሉ ሰሙኝ። የእኔ አፍ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ሌላ ሰው እስካገኝ ሙአዝን ሥራ ይዤው መዋል ጀመርኩ። እዚያ ግርግር ውስጥ ቀንም አይተኛም። ሲነጫነጭ ጡት እሰጠዋለሁ፤ ጭራሽ ይብስበታል። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ የጫት እስር ስፈታ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደተቀመጠ ዓይኑ ተገለበጠና በግንባሩ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ደሙን ሳይ እሪ አልኩ። ባጃጅ አስቁሜ ቅርብ ያለ ክሊኒክ ይዤው በረርኩ።

ነርሷ ወጣት ናት። ቁስሉን አጥባ ከሸፈነችለት በኋላ፣ "እንዴት ነው የወደቀው?" አለችኝ። እንቅልፍ እንደጣለው፣ ማታ ማታም እንደማይተኛ ነገርኳት። ስናገር አፌን ትክ ብላ አየችና፣ "እህቴ፣ ጫት ትቅሚያለሽ?" አለች።

"እኔ? ወላሂ አልቅምም!"

"ምላስሽ አረንጓዴ ነው እኮ።"

"እሱማ ሥራዬ ነው። እቀምሳለሁ እንጂ አልቅምም።"

ሥራችንን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጫት ነጋዴ ሳይቀምስ አይገዛም። ከእያንዳንዱ ገበሬ እስር ሁለት ሦስት ቀንበጥ ቀንጥሰን እናኝካለን፤ ምሬቱን፣ ትኩስነቱን እናያለን። ይህን ማናችንም ከመቃም አንቆጥረውም። ቃሚ የሚባለው ቁጭ ብሎ ምርቃና የሚጠብቀው ነው። እኔማ ባሌን "ቅመህ እንዳትነዳ" እያልኩ የምቆጣ ሴት ነኝ!

"በቀን ከስንት ሰው እስር ትቀምሻለሽ?" አለችኝ። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ጣቴ አለቀ።

"ከዚያ ቤት ገብተሽ ጡት ትሰጪዋለሽ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ነርሷ አልተቆጣችኝም። ጫቱ በጡት ወተት ወደ ልጁ እንደሚያልፍና እንቅልፍ እንደሚነሳው ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ጫቱን ተይው፣ ማታ እራቱን ይብላ፣ ይታጠብ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ይተኛ አለችኝ። አዴ ሀሊማ ያሉኝን ነው የደገመችልኝ።

በማግስቱ አብራኝ የምትሠራ ነጋዴ እንድትቀምስልኝ ለመንኳት። ሌሎቹ ነጋዴዎች "ቀማሽ ቀጠርሽ!" ብለው ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ማታም ጡት ከለከልኩት፤ ሁለት ቀን አልቅሶ ለቀቀኝ። በሳምንቱ የማታው ሶላት፣ ኢሻ፣ ሳይሰገድ ተኛ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ልጄን የሆነ ነገር ስታጠጣ የነበረችው እኔ ነበርኩ። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

በገበያ ቀን ቦኬ ሄድኩ። አዴ ሀሊማን ሽንኩርት ዘርግተው ሲሸጡ አገኘኋቸው። "አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። ያ የሚያማቸው ጉልበት ነው። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ "ልጁ ተኛ?" ነው።

"ተኛ፣ አዴ" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ። አውፍ ብዬሻለሁ" አሉ። ይመለሱልኝ ብዬ ስለምናቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ካንቺ ስወጣ ጭሮ ሌላ ሥራ ጠየቅኩ፣ ልጄ። አንዷ በር ላይ እኔን አየች፣ ልጇን ደበቀች። እኔን አይታ ልጇን ደበቀች።" ሁለቴ ነው ያሉት። ከዚያ ሽንኩርታቸውን መደርደር ቀጠሉ።

ጭሮ እንደተመለስኩ የሦስቱንም ጎረቤቶች በር እያንኳኳሁ ያወራሁት ውሸት እንደነበር ነገርኳቸው። አንዷ፣ "እኔ መች አመንኩሽ!" አለች። ሁለተኛዋ ሰምታኝ በሯን መለሰች። ሦስተኛዋ ገለምሶ ላለች እህቷ ነግራታለች፤ እህቷ ደግሞ ለማን እንደነገረች አላህ ይወቅ። እየተከተልኩ ልሰበስበው አልችልም።

አሁን ሙአዝን የማስተኛው በአዴ ሀሊማ መንገድ ነው። እግሩን አጥባለሁ፣ መጋረጃውን እጋርዳለሁ፣ ኡሩሩ እላለሁ። ዜማውን ሳላበላሸው አልቀርም፤ አንዳንዴ አፌን በእጁ ይይዝና በሩን ያያል። ከዚያ ይተኛል።

ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ጭሮም ሁኑ ገለምሶ፣ "አንዲት የቦኬ ሴትዮ ልጅ በመድኃኒት ታስተኛለች" ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፣ ያወራሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። እሳቸው ለልጄ የሰጡት ለብ ያለ ውሃና ኡሩሩ ብቻ ነው። ሌላውን የሰጠሁት እኔ እናቱ ነኝ።