ጣሪያ ላይ የተጫነው ትራስ

ልብስ ሰፊዋ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ወገብ ለክታ ታውቃለች፤ የራሷን ዳሌ ሕመም ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሐኪሟ «አይገድልሽም፣ ቶሎም አይለቅሽም፤ አያያዙን እወቂበት» ካላት ዓመታት አልፈዋል። ቆማ ትቆርጣለች፣ ጥቂት ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ደግሞ ብድግ ትላለች። ደንበኞቿ «ወንበሯ ላይ እሳት አለ እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱባት አብራ ትስቃለች። ሆድ ይፍጀው!

መከራዋ መንገድ ነው። ለልጇ ሠርግ ተሳፍራ ሕመሙ ሲጸናባት ግማሽ መንገድ ላይ ወርዳ ተመልሳለች፤ ሲጠይቋት ጉንፋን ነው አለች። ልጅቷ ግን «እማዬ ባሌን ስላልወደደችው ነው» ብላ ተቀየመች። አሁን ያቺ ልጅ ወልዳለች። እናቷ ዛሬም ከቀረች ቂሙ ሥር ይሰዳል።

ስለዚህ በደንብ ተሰናዳች። ልል ቀሚስ ለበሰች፣ ለመነሳት እንዲመቻት በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ያዘች፣ ማስታገሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከሁሉ በላይ መሃሉ ክፍት የሆነ የስፖንጅ ትራስ ሰፋች። ታዲያ ሰው «ምንድን ነው?» እንዳይላት በአበባማ ወረቀት ጠቅልላ ሪባን አሰረችበት! የአውቶቡሱ ረዳት ስጦታ መስሎት «እንዳይጨማደድብዎት እናቴ» ብሎ ጣሪያ ላይ ጫነላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእሷስ መድኃኒት ተገኝቶ ነው ጣሪያ ላይ የወጣው።

ብዙም ሳይሄዱ ሕመሙ ጀመራት። ጥርሷን ነከሰች፣ ቆመች፣ ተቀመጠች። ያኔ የወረደችበት መታጠፊያ ሲደርሱ «ወራጅ!» ልትል አፏን ከፈተች። ልጇ ትዝ አለቻት። ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ሹፌር፣ አቁምልኝ! ጣሪያ ላይ ያለው የኔ ትራስ ነው፣ ስጦታ አይደለም። ዳሌዬን ያመኛል፤ ያለሱ መቀመጥ አልችልም!» አለች።

ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመና፣ «እስካሁን ምን ዝም አሰኘዎት እትዬ? እኔስ ምን ላይ ተቀምጬ የምነዳ ይመስልዎታል?» ብሎ ከሥሩ የሕፃን መዋኛ ጎማ አውጥቶ አሳያት። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ፤ እሷም ከልቧ ሳቀች። ረዳቱም ትራሱን ከጣሪያ አውርዶ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ በቆመ ቁጥር «ይውረዱ፣ እግርዎን ያፍታቱ» ይላት ነበር። ቢደክማትም ደረሰች።

ልጅቷን በጎኗ ተጋድማ አገኘቻት። በወሊድ የተሰፋችው ቁስል አላስቀምጥ ብሏት፣ ሕፃኑን ለማጥባት ፍዳዋን ታያለች። እናት ትራሱን ወንበር ላይ አድርጋ፣ ደግፋ አስቀመጠቻት።

ልጅቷ ቀስ ብላ ተደላደለች። «ውይ እማዬ! እንዲህ እንደምሆን በምን አወቅሽ?»

«ለራሴ ነው የሰፋሁት። በሠርግሽም ያስቀረኝ ጉንፋን አልነበረም ልጄ» አለችና ሁሉንም ነገረቻት።

ልጅቷ ሕፃኑን እንደታቀፈች አለቀሰች። «ታዲያ አሁን በምን ትመለሻለሽ?»

«ሌላ እሰፋለሁ» አለች እናት እንባዋን እየጠረገች፤ «ደግሞ ማን ቸኮለ?»