ወረቀቱ የተላጠ የጎማ ቅባት

አዲሱ ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከሻንጣው ጋር አንድ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ የቀረው የአንድ ጎማ ግማሽ ሥዕል ብቻ ነበር። የጎማ ማሳመሪያ ቅባት ነው አለን። መኪና ታጥቦ ጎማው አመድ ከመሰለ እንዳልታጠበ ይቆጠራል፤ እንግዳ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ጎማ ነው አለ። ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እኔ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ማን እንደተቀመጠበት ነው።

ያኔ አምቦ ውስጥ በአንድ የአውራጃ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ያለን አንድ ላንድሮቨር፣ ሾፌሩም አንድ ነው። ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ ከቆርቆሮው ይልቅ የጠረጠረው ያመጣውን ሰው ነው። ኃላፊው የራሱን ሾፌር ሊያስመጣ ነው የሚል ወሬ ነበር። በዚያ የደርግ ዘመን ሰው ከሥራው የሚነሣው አልቻለም ተብሎ ሳይሆን አሻጥር ሠራ ተብሎ ነው፤ አሻጥር የተባለበት ደግሞ ከሥራ ብቻ ወጥቶ አይቀርም።

አንድ ሐሙስ፣ ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ፣ ሸነን ድረስም ይወሰዳሉ ተባለ። ክረምቱ ገና አልወጣም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቁልቁለትም አለው። ኃላፊው ጋሼን ጠርቶ ጎማዎቹን በሙሉ፣ መሬት የሚነካውንም ጭምር፣ እንዲቀባ አዘዘው።

ጋሼ መኪናውን ሁሉቃ ወንዝ ወስዶ አጥቦ ተመለሰና ቆርቆሮውን ከፈተ። አሸተተው፤ እኔንም ጠርቶ አስሸተተኝ። ላምባ ላምባ ይላል፣ ከሥሩ የጫማ ቀለም ሽታ አለው። ሲጋራዬን እንዳጠፋ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሲቀባ አጠገቡ እንድቆም ለመነኝ። ነገ አንድ ነገር ቢደርስ፣ የታዘዘውን መሥራቱን ያየ ሰው ይፈልጋል። ቆምኩለት። እሱንም መጠርጠሬ ግን አልቀረም፤ አስቀድሞ ምስክር የሚያዘጋጅ ሰው ምን አስቦ ነው?

ጎማዎቹ እውነትም አማሩ፤ ዝናብ ያረፈበት ድንጋይ መሰሉ።

ይህን ጊዜ ዘበኛችን መጡ። ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እግራቸው ላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ አለ። ከጋሼ ጋር በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ ነፋስ ስለነበር አልሰማሁም። ከዚያ ጋሼ የጣለውን ጨርቅ አንሥተው፣ ይኸም ጎማ ነው ብለው በረባሷቸውን መቀባት ጀመሩ። ማሰሪያውን ቀቡ፤ አወለቁትና ገልብጠው ከሥሩም ቀብተው መልሰው ተጫሙት። ጋሼ፣ ነገ እንግዶቹ መኪናውን ትተው እርስዎን ነው የሚያዩት ብሎ ቀለደባቸው።

ኃላፊው ከቢሮው ወጣ። ኦቦ ሊቀበሉት ፈጠን ብለው የበረንዳውን ሲሚንቶ ረገጡ። እግራቸው ወደ ፊት ሄደ፣ እርሳቸው ወደ ኋላ። በቂጣቸው ቁጭ አሉ፤ ዱላቸው ተንከባሎ ኃላፊው እግር ሥር ቆመ።

ማንም አልሳቀም። ኃላፊው ሽማግሌውን፣ በረባሶውን፣ ቀጥሎ እኛን አየ። ማን ቀባው ብሎ ጠየቀ። ኦቦ ከተቀመጡበት፣ የጎማ ነው ስለተባለ ራሴ ቀባሁት አሉ።

«ጌታዬ» አለ ጋሼ፣ ቶሎም አረመው፤ «ጓድ፣ እርሳቸው የወደቁት ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ነው። እኔ ነገ እርስዎንና እንግዶቹን ይዤ ጭቃ ላይ ነኝ።»

ኃላፊው ዱላውን አንሥቶ ለሽማግሌው ሰጠና ጎማዎቹን አየ። ቁልቁለቱን እያሰበ መሰለኝ።

«እጠበው» አለ። «ጎን ጎኑን ብቻ ተወው።»

ጋሼ መሬት የሚነካውን የጎማ ጥርስ በሳሙናና በብሩሽ ፈተገው። ጎኑ ላይ የተረፈውንም በደረቅ ጨርቅ ጠረገ፤ ጎማው ሲሽከረከር ተረጭቶ ፍሬን ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ ግቢውን ቀስ እያለ እየዞረ ፍሬን ደጋግሞ ያዘ። ኃላፊው በመስኮት ያያል። ቆርቆሮውን ዕቃ ቤት አስገባው ሲባል ጋሼ አልረከብም አለ፤ ወስዶ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ሲዘንብ ዋለ። ላንድሮቨሩ አመሻሽ ላይ በሰላም ሲመለስ ጎማው በጭቃ ተሸፍኖ፣ ይቀባ አይቀባ አይለይም ነበር። እንግዶቹ ስለ ጎማው ያሉት ነገር የለም። ጋሼም ከሥራው አልተነሣም።

እኔን ግን አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አለኝ። ኦቦ ያን በረባሶ ሲጠርጉት እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ጭቃ ሲበዛበት በእንጨት ይፍቁታል። ደግሞስ የጫማውን ሥር የሚቀባ ማን ነው? በሚቀጥለው ሳምንት በር ላይ ብቻቸውን ሳገኛቸው፣ ኦቦ፣ ያን ቀን ሆን ብለው ነው እንዴ የወደቁት አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ተለወጠ።

«ኤኙቱ ሲ ኤርጌ?» አሉኝ፤ ያልገባኝ መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት፤ «ማን ልኮህ ነው?»

ማንም አልላከኝም አልኩ። ታዲያ በምሳ ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀምጠህ የምትጽፈው ምንድን ነው አሉ። ለማንም አሳይቼ ስለማላውቅ መልሱ ከአፌ የወጣው በስንት ጭንቅ ነው።

«ግጥም ነው።»

ኦቦ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ስለ ማን?» አሉ።