የደጀ ሰላሙ ምርመራ

መሪጌታ አምሐ ውሸት አይወዱም ነበር፤ እውነትን ግን እንደ ሰሚው ቁመት ያሳጥሯትና ያስረዝሟት ነበር። ጣና ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ፊት የቆመውን አሮጌ ደጀ ሰላም ማን እንደሠራው ሲጠየቁ፣ ከጎንደር ለመጣ እንግዳ «ነገሥታቱ ናቸው» ይሉታል። ከደቅ ደሴት ለመጣ ታንኳ ቀዛፊ «የእናንተ አባቶች ድንጋዩን በታንኳ አመላልሰው» ይሉታል። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ለካድሬዎቹ «ጭሰኛው ነው የሠራው፣ ላቡ እንኳ ገና አልደረቀም» ማለት ጀመሩ። ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ግንቡን ስለሚያወዛው፣ ካድሬው በእጁ ዳስሶ ያምናል።

እኔ ባንቺአየሁ በ1973 ዓ.ም. የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። ባለቤቴ እዚህ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከደሴ ያመጣኝ ሰው ነኝ፤ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ መያዝ በእኔ ላይ ወደቀ።

የከተማ ቦታ ሲወረስ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወደ ውስጥ ገባና ደጀ ሰላሙ ብቻውን ውጭ ቀረ። የድንጋይና የኖራ ግንብ፣ ሁለት ወፋፍራም የዋንዛ መቃን፣ ግራና ቀኝ የድንጋይ መደብ ያለው፣ የትም የማያስገባ በር። ቤታቸው ከጎኑ ስለሆነ መሪጌታ ጣሪያውን እየደፈኑ፣ ወፎቹን እያባረሩ፣ ጠዋት ጠዋት እየተሳለሙት ይኖሩ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ ያ ቤት ቢፈርስ ግድ አልነበረኝም። እኔ የምፈልገው ወፍጮ ነበር። በሰፈራችን ወፍጮ የለም። እህሉን አዝለን፣ ገበያውን አቋርጠን፣ እስከ ከተማው ጫፍ እንሄዳለን፤ ተራችን ሳይደርስ ሞተሩ ይበላሻል፤ አዝለን እንመለሳለን። ወገቤ ዛሬም ያን ዘመን አልረሳውም። ስለዚህ የሴቶች ማኅበሩ ወፍጮ ሲያገኝና ቀበሌው «ደጀ ሰላሙ ይፍረስ፣ ድንጋዩ ለመሠረት ይዋል፣ ወፍጮው በቦታው ይተከል» ብሎ ሲወስን፣ ውሳኔውን በሕይወቴ ባማረው ጽሕፈት ጻፍኩት። እጃቸውን ካወጡት አንዷ የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ እናትዓለም ነበሩ።

«አብዮቱ ደጅ ነው ስል ጓዳዬ ገብቶ ኖሯል» አሉ መሪጌታ።

ውሳኔው እንዲጸና ከበላይ አንድ ካድሬ ቦታውን አይቶ መፈረም ነበረበት። የመጣው ጓድ ዳኘው ነው፤ ካኪ ለባሽ፣ ድምፁ ጉልህ፣ ገና ወጣት። ሕዝቡ በተሰበሰበበት «ይህ የፊውዳል መጋዘን ነው!» አለ። መሪጌታ ግን ጓድ ዳኘው የደቅ ቄስ ልጅ መሆኑን ያውቃሉ።

«እውነት ነው ጓድ፣ መጋዘን ነው» አሉ፣ ትሕትና በትሕትና ሆነው። «ብቻ ሳያዩት ከሚፈርሙ ይግቡና ይዩት። እኔ ልምራዎ።»

ከፊት ቀደሙ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው የቀኙን መቃን በግንባራቸው ነክተው ሳሙና አለፉ። ጓድ ዳኘው ከኋላቸው ስለ ሲሚንቶ እያወራ ነበር። ወሬውን ሳያቋርጥ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ መቃኑን በግንባሩ ነክቶ ሳመ። ሦስት ጊዜ ሳመ።

ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ እልልታዋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጓድ ዳኘው ኮፍያውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ከገባች፣ ሰው እንጀራውን ብቻ ሳይሆን ሌላም ሊያጣ ይችላል። እስክሪብቶው ደግሞ ያለው በእኔ እጅ ነው። ያኔ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ያሳዝነኛል።

መሪጌታ ከውስጥ ብቅ አሉ። «ምን ትጠብቂያለሽ ባንቺአየሁ? ጻፊ እንጂ! ጓድ ምስጥ እንዳለ እንደሌለ እንጨቱን አሽትተው መረመሩ በይ።»

«ሦስት ጊዜ?» አልኳቸው።

«ምስጥ ተንኮለኛ ነው፣ ባንድ ጊዜ አይገኝም።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጓድ ዳኘው የመቃኑን እንጨት ሦስት ጊዜ በቅርብ መረመሩ። ምስጥ አልተገኘም። ቤቱ ጽኑ ስለሆነ ማፍረስ የሕዝብን ሀብት ማባከን ነው።» የመጨረሻዋን ያስጻፉኝ መሪጌታ ናቸው። ጓድ ዳኘው ሳያነብ ፈረመ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጁን ላድን ብዬ ወፍጮዬን በገዛ እጄ ሰረዝኳት! እስክሪብቶውን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝ። ይሄኔ ወይዘሮ እናትዓለም ተነሡ።

«የኔታ፣ ቤትዎን አተረፉ፣ እሰይ። እኔስ ነገ እህሉን በምን ልፈጨው ነው? በርስዎ ጨዋታ?»

መሪጌታ አልሳቁም።

«ወፍጮው እኛ ጓሮ ይተከል» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም። «ጌሾው ይነቀል። ጓሮው የሁለታችን ነው፤ እኔ ሰጥቻለሁ።»

መሪጌታ ወደ ጓሯቸው ዞረው አዩ። ዜማ የሚያስተምሩት እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ነው። ወፍጮ ከገባ ድምፃቸው ለራሳቸውም እንደማይሰማ ያውቃሉ። እምቢ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ጻፊ» አሉኝ ቀስ ብለው። በዚህኛው ላይ ቀልድ አልጨመሩበትም።

ወፍጮው ሥራ የጀመረ ዕለት መሪጌታ ዜማቸውን ከመሐል አቋርጠው «ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ደብተራ ነው፣ ትንፋሽ እንኳ አይወስድም!» እያሉ ሞተሩን ሲሰድቡ አረፈዱ። ፀሐዩ ሲበረታ ሰልፉ ረዘመ፤ በጓሮው ጥላ ስላልነበረ ተራችን የራቀ ሴቶች ጆንያችንን እየጎተትን ደጀ ሰላሙ ውስጥ ገባንና መደቡ ላይ ተቀመጥን። በበሩ በኩል የሐይቁ ነፋስ ይገባል። ወይዘሮ እናትዓለምም እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡና ቀና ብለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«እህሳ፣ መጋዘኑ ተስማማሽ?» አሏቸው መሪጌታ፣ ሊያበሽቋቸው መጥተው።

«ከተዳርሁ ሠላሳ ዓመቴ» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ። «ውኃ ተሸክሜ፣ እንጨት ተሸክሜ፣ እህል ተሸክሜ በዚህ ደጅ አለፍሁ። አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። እንዲህ ያምር ኖሯል?»

መሪጌታ አምሐ የሚስታቸውን ጆንያ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ ሄደው ከሴቶቹ ሰልፍ መጨረሻ ቆሙ።