መስኮት ዘጊው የነፋስ ሰው

ጠዋት ቢሮው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮቱን መዝጋት ነው። ነፋሱ ወረቀቶቹን ይበትንበታል። የመንግሥት ደን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ ዛፎቹ ተቆርጠው አሥራ ሁለት የነፋስ ተርባይኖች እንዲተከሉ የፈረመውም እሱ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ስለ እሱ እንድጽፍ ታዝዤ ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጫማው ጭቃ አያውቅም። አንድም ዛፍ በስሙ ሲጠራ አልሰማሁም፤ ለእሱ ሁሉም «እንጨት» ነው። የሚቆረጠውን ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ በቀይ እርሳስ ያከብበዋል።

ትናንት ሽማግሌው የደን ዘበኛ ገቡ።

«ጌታዬ፣ ማዶ ያለው ራሰ በራ ኮረብታ ላይ ቢተከልስ? ነፋሱ እዚያ ይበልጣል።»

«አይ አንተ! ለምረቃው የሚመጡት እንግዶች ዳገቱን በእግራቸው ይውጡልህ?»

በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ዘበኛው ኮፍያቸውን አጥልቀው ወጡ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ አንስቶ ሲመልስ የኃላፊው ድምፅ እንደ ልጅ ቀጠነ።

«አቤት አባዬ። ደህና ናቸው። የተከልካቸው ችግኞች ሁሉ ደህና ናቸው፤ እንዲያውም አድገዋል።»

ይህን ሲል ጣቱ ካርታው ላይ፣ ቀዩን ክብ ተከትሎ ይዞር ነበር።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

«ያሻሽን ጻፊ፣ እህቴ፤ ፎቶዬን ብቻ ተለቅ አድርጊው። ደግሞ እንጨቱ መቆረጡን እንዳትጽፊ፤ አባቴ የዚህ ደን ዘበኛ ነበር። ዓይኑ ጠፍቷል፤ መጽሔቱን ጎረቤቱ ናት የምታነብለት።»