ለሙሽራ መኪና የተቀዳ ናፍጣ

ሰኞ ዕለት የአማርኛ መምህራችን የሁላችንንም ድርሰት ሲመልሱ የእኔን አስቀርተው ለክፍሉ በሙሉ አነበቡት። ሲጨርሱ «አሳድጊውና ለመጽሔት ላኪው» አሉኝ። እኔ? ድርሰት ጻፉ ሲባል ሆዷን የሚያማት እኔ? ያን ቀን ቤት የደረስኩት በእግሬ አይመስለኝም። እነሆ አሳድጌ ላክሁት።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ በእህቴ በለሊሴ ሰርግ ቀን፣ እዚሁ አሶሳ ነው። ከቬሎውም ከጭፈራውም ይልቅ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ መኪናና የአንድ ሰው ፊት ነው።

ሙሽራው ገመቹ የባምባሲ ልጅ ነው። አጎቱ ጋሽ ደረጄ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሀብታም ሰው ሹፌር ናቸው። አሠሪያቸው የራሱን መኪና ለሰርጉ አዋሳቸው። ነጭ፣ ቁመተ ረጅም፣ መስታወቱ ጥቁር፣ ወንበሩ ቆዳ። ዋዜማው ላይ ግቢያችን ሲገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያየው ወጣ።

ያን ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ነበር። እኛ ሰፈር ደግሞ ሰርግ ሲኖር ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። በግ የሚያመጣ አለ፣ ስኳር የሚያመጣ አለ፤ ነዳጅ በጠፋ ጊዜ «ለአጃቢ» ብሎ ጀሪካን አንጠልጥሎ የሚመጣም አለ። አሶሳ ላይ ትልቅ መኪና ማለት ናፍጣ ነው። የመሥሪያ ቤቱም፣ ወደ ጉባ፣ ወደ ግድቡ የሚመላለሰውም ናፍጣ ነው። ስለዚህ የመጣው ጀሪካን ሁሉ ናፍጣ ነበር። የጠየቀ ሰው የለም፤ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ጠዋት ጋሽ ደረጄ መኪናው ይታጠብ፣ ይጌጥ ብለው ቁልፉን ለሚዜዎቹ ሰጡና ቁርስ ሊበሉ ገቡ። እኔ ከኋላ ሪባን ሳስር ወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት የሚል ሽታ መጣብኝ። ዞር ብል ሚዜው ቶሎሳ የተቆረጠ ሃይላንድ ነዳጅ መሙያው ላይ ሰክቶ ከጀሪካን ያንቆረቁራል። ሲጨርስ እጁን አራገፈና «ሙሽሪት እስከ አዲስ አበባ ብትኮበልልም አይጎድልባትም!» አለ። ሳቅን።

ጋሽ ደረጄ አፋቸውን እየጠረጉ ሲወጡ የምሥራች የምነግራቸው መስሎኝ «ጋሼ፣ ሚዜዎቹ እኮ ናፍጣ ሞሉልዎት» አልኳቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። ቶሎሳ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊያስነሳ ነበር። ሮጠው እጁን ያዙት።

«እንዳትነካ! አስነስተሃል?»

«ኧረ አላስነሳሁም። ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ቤንዚን ነው የሚጠጣው!»

«ይሄን የሚያህል መኪና ቤንዚን? ባጃጅ ነው እንዴ?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ደረጄ ግን መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ባምባሲ ላይ ፓስተሩ ይጠብቃሉ። ዘመድ የጫነው ሚኒባስ ቀድሞ ሄዷል። የገመቹ አባት፣ የጋሽ ደረጄ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ።

«ደረጄ፣ ቤንዚንም አለበት እኮ። ተቀላቅሎ ይሂድ። ባምባሲ ሩቅ ነው?»

«ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ጢስ በጢስ ሆኖ መንገድ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ቢበላሽ በምን አፌ እመለሳለሁ?»

«የልጅህ ሰርግ ነው!»

«እንጀራዬ ነው፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ሁሉም መካኒክ ሆነ። አንዱ «ችግር የለውም፣ አስነሳው» ይላል፤ ሌላው «ተዉት» ይላል። በዚህ መሀል ለሊሴ ቬሎዋን ሰብስባ ወጣች።

«ጋሼ፣ አሠሪዎ መኪናውን ሲሰጥዎት ምን አለ?»

«‹ላንተ ካልሆነ ለማንም አልሰጥም› ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ይቁም። እኔ በሰው እንጀራ ላይ ተቀምጬ አልዳርም። ሌላ ነገር ፈልጉልኝ።»

የገመቹ አባት ሰዓታቸውን በእጅጌያቸው ሸፈኑት። ሙሽራን በሰርጓ ቀን ማን ይቆጣታል?

ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሰው ለጎረቤታችን አጥር የሚሆን ቀርከሃ ከአሮጌ ፒካፕ ያወርድ ነበር። የሆሞሻ ነጋዴ ነው፤ አማርኛው ትንሽ ይሰነካከላል፤ ስሙ ሐሩን መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ጫጫታውን ሰምቶ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ።

«ሙሽራ ለምን ቆመ? ታመመ?»

የሆነውን ነገርነው። ፒካፑን በጣቱ አሳየን።

«ወላሂ፣ የእኔ መኪና ናፍጣ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ግን ይሄዳል። ቀርከሃ ጭኖ ይሄዳል፣ ሙሽራ ጭኖ አይሄድም?»

«የምንሄደው ባምባሲ ነው፤ የአንተ መንገድ በዚያ በኩል አይደለም» አለው ገመቹ።

«ሆሞሻ የት ይሄዳል? እዚያው ነው ያለው።»

እናቴ የአልጋ ልብስ አምጥታ ወንበሩ ላይ አነጠፈች። ሪባኑን ፈትቼ አሮጌው ፒካፕ ላይ አሰርኩት። የተረፈው የስጦታ ናፍጣ ወደ ሐሩን መኪና ተቀዳ። ቶሎሳ ጀሪካኑን ከማንሳቱ በፊት «ወንድሜ፣ ናፍጣ መሆኑን ማልልኝ!» አለው።

«አንተ ዛሬ ተማረ!» አለ ሐሩን። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ደረጄም ሳቁ።

ሁሉም ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ። እናቴ «የእህትሽን ቃል ኪዳን ሳታዪ?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። ግን ሰው በወንድሙ ልጅ ሰርግ ቀን ብቻውን ግቢ ውስጥ ሲቀር ሳይ እግሬ አልሄድ አለኝ።

መካኒክ መጥቶ መኪናው ሥር ገባና ነዳጁን ማራገፍ ጀመረ። ጋሽ ደረጄ ዱካ ላይ፣ እኔ ደፉ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ዝም ብንል የሚያለቅሱ መሰለኝና «ጋሼ፣ ይሄ ለምን ቤንዚን ሆነ? ሌላው ሁሉ ናፍጣ አይደል?» አልኳቸው።

«ይሄ ከዱባይ የመጣ ነው» አሉ። «እዚያ ነዳጅ ሞልቷል፤ መኪናዬ ብዙ ይበላል ብሎ የሚጨነቅ የለም። መንገዱ ሜዳ ነው። ባለገንዘቡ የሚፈልገው ፍጥነትና ጸጥታ ስለሆነ ቤንዚን ይመርጣል። ለእኛ ዓይነቱ አገር ሲሆን ያው መኪና፣ መልኩ ሳይለወጥ፣ ናፍጣ ሆኖ ይመጣል። ዳገት ይጎትታል፤ አንዴ ከሞላሽው ሩቅ ያደርስሻል። አውሮፓ ደግሞ ናፍጣ ይወዱ ነበር አሉ፤ አሁን በጢሱ የተነሳ እየተዉት ነው። መኪና የታሰበለትን አገር ምግብ ነው የሚበላው።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«አሠሪዬም ሊገዛ ሲል ጠይቆኝ ነበር። ‹የት ሊሄዱበት ነው?› አልኩት። ‹ከአዲስ አበባ አልወጣም› አለኝ። ‹እንግዲያው ቤንዚኑ ይስማማዎታል› አልኩት።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሶሳን ማን አሰባት? ማደያ ቢሞላ እንኳ የናፍጣው ቱቦ ወፍራም ስለሆነ እዚያ አፍ ውስጥ አይገባም ነበር። ሃይላንዱ ነው ጉድ የሠራኝ።» ቀና ብለው «ለነገሩ አሁን የኤሌክትሪኩ ዘመን መጥቷል። ጉባ አጠገባችሁ ነው፤ ያኔ ሰርግ የሚመጣው ሰው የመብራት ገመድ ይዞ ይመጣል» አሉ።

የተራገፈውን መካኒኩ የመኪና ዕቃ ላጥብበት ብሎ ወሰደው። ቤንዚን ግን ከየት ይምጣ? መታጠፊያው ላይ የሚቆሙት ባለባጃጆች ወሬው ደርሷቸው ኖሮ እያንዳንዳቸው ከያዙት ላይ ትንሽ ትንሽ አዋጡ። አንደኛው ሲቀዳ መኪናውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ወንድምዓለም፣ ዘመድ ነን» አለው።

ጋሽ ደረጄ ገብተው አስነሱ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። አልሆነም ልል ስል ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። ለካስ ተነስቷል።

ባምባሲ ስንደርስ ቃል ኪዳኑ አልቆ ሰው ምግብ ላይ ነበር። ወንድማቸው ከተቀመጡበት ተነሱ፣ የጋሽ ደረጄን እጅ ያዙና አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ከዚያ በትልቁ አጎረሷቸው።

አሁን ያን ቀን ሳስበው በቶሎሳ አልናደድም። ቶሎሳ ደግ ነው፤ ሳይጠይቅ መቅዳቱ ነው እንጂ። እኔም እንደሱ ነኝ። ጓደኛዬ ሲከፋት ሳልሰማት ምክሬን አንቆረቁርባታለሁ። አሁን አሁን ቀድሜ «ምን ይሻልሻል?» እላታለሁ፤ አንዳንዴ የምትፈልገው ዝም እንድላት ብቻ ነው። በለሊሴ ግን እስካሁን እኮራለሁ። ቃል ኪዳኗን ባላይም፣ ከቃል ኪዳኑ በፊት ያለችውን ሰምቻለሁ።

ሐሩን ምሳ ከበላ በኋላ ብዙም አልቆየም። ሲሄድ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሆሞሻ የመጣ ሰው ሁሉ የእኔ ቤት ይግባ። መንገድ ዳር ነው፣ በሩ ላይ ቀርከሃ አለ። ለሰው ንገር» አለኝ። ለማን ለማን እንደምነግር አልነገረኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ለሁላችሁም ነገርኩ። በዚያ ስታልፉ ግቡ። በባጃጅም ኑ፣ ባለቆዳ ወንበር መኪናም ካላችሁ በእሱ ኑ፣ በእግርም ቢሆን ኑ።