ሣጥን ሥር የከረመው ክታብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሣጥኔን ከፍቼ አንድ ክታብ ፈታሁ... ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን።

ክታብ አይፈታም፣ አይጣልምም፤ የፈታው ሰው ይጎዳል ይባላል። እኔ ግን ዘንድሮ በሃምሳ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ፒያሳ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ቆሜ ካላነበብኩ አላልፍም። እስቲ ደብተራው ስለ እኔ ክፋት ምን ብሎ እንደጻፈ ልየው አልኩ።

አስካለን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የወለደቻት እህቴ በላይነሽ ናት። ሁለት ባል ስለቀበርኩ ሰፈሩ «እግረ ደረቅ» ይለኛል። ጠዋት ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እስኪገባ ደጅ ያቆመኛል። ዝናብም ቢሆን።

የአስካለ ሠርግ እህቴ ቤት ነበር፣ ሠራተኛ ሰፈር። የዚያን ዕለት ጠዋት እህቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«እባክሽ አትቀየሚኝ። ሙሽራዋ እስክትወጣ እዚህ ቆዪልኝ።»

«ለምን?»

«ሰው ያወራል። ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው አንቺን ከሆነ...»

«የቀበርኩት የራሴን ባሎች ነው። የሰው ባል ቀብሬ አላውቅም።»

«ቀልዱን ተዪው። ለልጅቷ ስትዪ።»

ለልጅቷ ስል ገባሁ። በሩን ከውጭ ቀረቀረችው። በበሩ ስንጥቅ ሳይ፣ የቤቱ ደጃፍ ላይ እማማ ደስታ ውሃ የሞላ እንስራ አዝለው ቆመዋል። ባላቸውም ሰባት ልጆቻቸውም በሕይወት ስላሉ ገደኛ ይባላሉ። ሙሽራዋ መጀመሪያ እንድታይ የተፈለገው እሳቸውን ነው።

እልልታው ሊጀመር ሲል በበሩ ሥር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ገባች።

«ያዢያት» አለችኝ አስካለ በሹክሹክታ። ሌላ ቃል ሳትጨምር ሴቶቹ ጎትተው ወሰዷት።

በዚያው ሳምንት እህቴ ደብተራ ቤት ስትመላለስ መሰንበቷን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ... የገባኝ መሰለኝ። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ የእኔ ክፉ ዕድል እንዳይከተላት ክታብ አስይዛኝ ሄደች።

ሌላ ጊዜ ወረቀት ሲደርሰኝ ለጎረቤቴ ለአስተማሪዋ እሰጥና ታነብልኝ ነበር። ይህን ግን ምን ብዬ ላሳያት? እንዳልጥለው ፈራሁ። ሣጥን ሥር ቀበርኩት።

ለመልሱ አልሄድኩም። አስካለ ሁለት ጊዜ መጥታ በሬን ስታንኳኳ ውስጥ ቁጭ ብዬ አልከፈትኩም። ሦስተኛ አልመጣችም። ባሏን ተከትላ ድሬዳዋ ወረደች።

ትናንት ስፈታው ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩ።

«እማዬ፣ ከጓዳ እንዳስወጡሽ ፒያሳ አርመኑ ፎቶ ቤት ነይ። አስተማሪዋ ስታነብልሽ ቶሎ ተነሺ። አጠገቤ ቆመሽ ነው ፎቶ መነሣት የምፈልገው። እስክትመጪ እጠብቅሻለሁ።»

ያ ፎቶ እህቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙሽራው ፊት ለፊት ያያል፤ አስካለ ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። ባየሁት ቁጥር «ኮርታለች» እል ነበር።

በሩን እያየች ነው።

እግረ ደረቅ ያሉኝ እነሱ ናቸው... ያመንኳቸው ግን እኔ ነኝ።